«እነሱም እንዲህ ይላሉ» ማስረጃ አይደለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ግማሹን አንብባችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፊልም ተላለፈ። ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላችሁ ያኔ ሕፃናት ነበራችሁና ላታስታውሱት ትችላላችሁ፤ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። የሕዝበ ሙስሊሙን ጥያቄ ለመንግሥት እንዲያደርሱ የተመረጡት የኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ታስረው ነበር። ይዘውት የተነሡት ጥያቄ ሦስት ነበር፦ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ፣ የአወሊያ ትምህርት ቤት አስተዳደር ለሙስሊሙ ይመለስ። ክሳቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ ፊልሙ ከናይጄሪያው ቦኮ ሐራም ጎን አቁሞ ለሀገር አሳያቸው። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

እስኪ የፊልሙን ሙዚቃ አጥፉት፣ ምስሉን ጋርዱትና አጥንቱን ብቻ እዩት። የቀረበልን ሙግት ይህን ይመስላል፦

አሸባሪዎች በእስልምና ስም ጥያቄ ያነሳሉ።
እነዚህ ሰዎችም በእስልምና ስም ጥያቄ ያነሳሉ።
ስለዚህ እነዚህ ሰዎች አሸባሪዎች ናቸው።

ይህ ሙግት የተሰበረ መሆኑን ለማወቅ ያኔ ማናችንም ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገንም። ግፉ የወደቀው በእኛ ላይ ስለነበር ስብራቱ ወዲያው ታየን። ላልታየው ሰው በድሬዳዋ ቋንቋ እንዲህ ማስረዳት ይቻላል፦ ባቡር ሰው ይጭናል፤ ባጃጅም ሰው ይጭናል፤ ስለዚህ ባጃጅ ባቡር ነው። የከዚራ ሕፃን እንኳ ይስቅበታል። ሁለት ነገሮች በአንድ ባሕርይ ስለተመሳሰሉ አንድ ነገር አይሆኑም።

ሕፃን የሚስቅበት ሙግት ግን ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ተከብሮ ይኖራል። የምንወረውረውም እርስ በርሳችን ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ቁጭ ስንል ወጣቶች ስልካቸውን ዘርግተው «ይህን እዩልን» ይላሉ። የምናየው ይህንን ነው፦

ኸዋሪጆች መሪን ይነቅፋሉ፤ እገሌ መሪን ነቀፈ፤ እገሌ ኸዋሪጅ ነው።
ሺዓዎች የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ያወድሳሉ፤ ይህ ኡስታዝ አህለል በይትን አወደሰ፤ ሺዓ ሆኗል።
ሴኩላሮች ስለ ሴቶች ትምህርት ያወራሉ፤ ይህች እህት ስለ ሴቶች ትምህርት አወራች፤ ሴኩላር ናት።

ስሙ ተለወጠ እንጂ ፊልሙ ያው ነው። በ2005 ዓ.ም. ሲደረግብን ያለቀስንበትን ዛሬ እኛ በሌላው ላይ እናደርገዋለን፤ ያውም «ዲንን መጠበቅ» የሚል ስም ሰጥተነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። እኛ የምንከተለው መዝሀብ መሪ ኢማሙ ሻፊዒ (ረሒመሁላህ) ሳይቀሩ አህለል በይትን በመውደዳቸው ብቻ «ራፊዳ» ተብለው ተወንጅለዋል። በእርሳቸው ላይ የተሠራው ስህተት በእኛ ዘመን ዒልም የሚሆንበት ምክንያት የለም።

*ሙግት ምን ማለት ነው?*

ብዙ ወጣት ሙግት ማለት ጩኸት ይመስለዋል። ድምፁን ከፍ ያደረገ፣ ሐዲስ በፍጥነት የደረደረ፣ ተቃዋሚውን ያሳቀቀ ሰው አሸነፈ ይባላል። ዑለማዎቻችን ግን ሙግትን ሲተነትኑ በሁለት ነገር ይጀምራሉ። አንዱ ሙቀዲማ ነው፤ መነሻ እንበለው። ሌላው ነቲጃ ነው፤ መደምደሚያ እንበለው። መነሻ የሌለው መደምደሚያ ተራ ወሬ ነው። «እገሌ ሙናፊቅ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ገና ምንም ሙግት አላቀረበም። «ለምን?» ስትሉት የሚሰጣችሁ መልስ ነው መነሻው።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። መነሻዎቹ እውነት ናቸው ወይ? መደምደሚያውስ በእርግጥ ከእነሱ ይወጣል ወይ? ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን መልሶ ሌላውን መዝለል ነው ብዙውን ሰው የሚያስተው።

ምሳሌ፦ «ከዚራ የሚኖር ሁሉ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሐሊማ ከዚራ ትኖራለች፤ ስለዚህ ሐሊማ የባቡር ሠራተኛ ናት።» እዚህ ላይ አካሄዱ ልክ ነው። መነሻው እውነት ቢሆን ኖሮ መደምደሚያው ግድ ይሆን ነበር። የወደቀው መነሻው ሐሰት ስለሆነ ነው። ሰፈራችን ከባቡሩ ጋር አብሮ የተቆረቆረ ቢሆንም ዛሬ ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ሥራ ፈላጊውም ይኖርበታል።

ሌላ ምሳሌ፦ «ከከዚራ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ የባቡር ጡረተኞች ናቸው፤ ሐሊማ ከዚራ ትኖራለች፤ ስለዚህ ሐሊማ የባቡር ጡረተኛ ናት።» እዚህ መነሻዎቹ እውነት ናቸው፤ የተሰበረው አካሄዱ ነው። «አንዳንዶቹ» ከሚለው ተነስቶ ሐሊማ ዘንድ የሚያደርስ መንገድ የለም። ሐሊማ በአጋጣሚ ጡረተኛ ብትሆን እንኳ ይህ ሙግት ያንን አላሳየንም።

የመንጢቅ ዑለማዎች የመጀመሪያውን ማዳ፣ ሁለተኛውን ሱራ ይሉታል፤ ይዘትና ቅርጽ ማለት ነው። በቀፊራ ገበያ እህል ስትገዙ እህሉ ንጹሕ መሆኑን ታያላችሁ፣ ሚዛኑም ልክ መሆኑን ታያላችሁ። በተዛባ ሚዛን የተመዘነ ንጹሕ እህልም፣ በትክክል የተመዘነ የነቀዘ እህልም ገዢውን ያከስራል። ለአምስት ኪሎ ጤፍ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ለወንድሙ ክብር አንዱንም ሳያይ «ሼር» ይጫናል።

*ያልተነገረው መነሻ*

አደገኛው መነሻ አፍ አውጥቶ ያልተነገረው ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉ የተሰጠውን ምክንያት አስታውሱ። ባጭሩ «የትምህርት ቤቱ የአለባበስ ደንብ አለ፤ ሒጃብ ከደንቡ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ይውለቅ» የሚል ነበር። ሲሰሙት ሥርዓት ያለው ይመስላል። ግን በመሐሉ አንድ የጎደለ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የትምህርት ቤት ደንብ ከማንኛውም መብት በላይ ነው» የሚል። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ባለሥልጣን አታገኙም፤ ምክንያቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ይደነግጋል፣ ገደብ የሚጣልበትም በሕግ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ተደብቆ ሥራውን ይሠራል። የእኛ ድርሻ ማውጣትና «ይህንን ነው የምትሉት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የሀገራችን አባቶች ይህን ያውቁበት ነበር። በድሮው «በላ ልበልሃ» ችሎት ተሟጋቹ «ተጠየቅ» እያለ ባለጋራውን ጥያቄ በጥያቄ ያስይዘው ነበር። የተደበቀውን በግልጽ ካላናገረው ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

በራሳችን ቤትም እንጠየቅ። «ይህ ነገር በሰለፎች ዘመን አልነበረም፤ ስለዚህ ሐራም ነው» ሲባል የተደበቀው መነሻ «በዚያ ዘመን ያልነበረ ሁሉ ሐራም ነው» የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ የመስጂዱ ማይክራፎንስ? ተናጋሪው «እኔ ያልኩት በዒባዳ ጉዳይ ነው» ካለ ጥሩ፤ አሁን መነሻው ጠበበ፣ ውይይቱም ወደ ዒልም ገባ። በሌላ በኩል «አባቶቻችን ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ስለዚህ ልክ ነው» የሚለውም የደበቀው አለው፦ «አባቶች ያደረጉት ሁሉ ልክ ነው» የሚል። አላህ በቁርአኑ ሙሽሪኮችን የወቀሰው በዚሁ ሰበብ አልነበረምን? ተናጋሪው «እኔ የማወራው ከዑለማ ዑለማ ስለተወረሰ ነገር ነው» ካለ፣ እሱም አጠበበ፣ እሱም ማስረጃውን ያምጣ። ወደ የትኛውም ጎራ ብታዘነብሉ ጥያቄው አንድ ነው።

*«መንጢቅ የግሪኮች ነው» ለሚሉን*

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «ሎጂክ የፈላስፎች ነው፤ ኢብኑ ሶላሕና ነወዊ ከልክለውታል፤ ኢብኑ ተይሚያ ተቃውመውታል፤ ለሙእሚን ቁርአንና ሐዲስ ይበቃዋል» ይላሉ። ተቃውሞውን በክብር እናየዋለን፤ የተጠቀሱት ኢማሞች ናቸውና።

አዎ፣ ኢብኑ ሶላሕና ነወዊ ከልክለዋል። ኢብኑ ተይሚያም «አር-ረድ ዐለል መንጢቂዪን» የሚል ሰፊ ኪታብ ጽፈዋል። በአንጻሩ ኢማሙ ገዛሊ የኡሱሉል ፊቅህ ኪታባቸውን «አል-ሙስተስፋ»ን የከፈቱት በመንጢቅ መግቢያ ነው። ኢብኑ ሐዝምም በመንጢቅ ላይ ራሱን የቻለ ኪታብ ጽፈዋል። አልጄሪያዊው አል-አኽደሪ በ941 ዓ.ሂ. ባዘጋጁት «አስ-ሱለም» ውስጥ ይህን ልዩነት ራሳቸው ዘርዝረዋል፦ የከለከለ አለ፣ የወደደው አለ፣ ቁርአንና ሐዲስን ለያዘ ብሩህ አእምሮ የፈቀደው አለ። በወሎ የደረሳ መንደሮችም መንጢቅ ከነሕውና ከሰርፍ ጋር ከመሣሪያ ዒልሞች ተቆጥሮ ሲቀራ ኖሯል።

ስለዚህ «ከልክለውታል» የሚለው ግማሽ ወሬ ነው። ከዚህም በላይ፣ የከለከሉት ምንን ነው? ኢብኑ ተይሚያ የተቹት የግሪኮችን የትርጓሜ ሥርዓትና «ከእኛ መንገድ በቀር ወደ እርግጠኛ ዕውቀት የሚያደርስ የለም» የሚለውን ትምክህት ነው። የተቹበትም መንገድ በማስረጃ ነው፤ ገጽ በገጽ መነሻን ከመደምደሚያ እየለዩ። «ማስረጃ አትጠይቁ» የሚል ነገር ከእርሳቸው ኪታብ አይወጣም። የእርሳቸውን ስም ይዞ ያለማስረጃ የሚፈርድ ሰው ኪታባቸውን አልከፈተም።

«የግሪክ ስለሆነ ውሸት ነው» የሚለው ራሱ የተሰበረ ሙግት ነው። ዛሬ ሒሳብ የምንሠራባቸው ቁጥሮች ከህንድ መጡ፤ አል-ኸዋሪዝሚ ወሰዷቸው እንጂ «የሙሽሪኮች ናቸው» ብለው አልጣሏቸውም። የአንድ ነገር መነሻ አገር ስለ ነገሩ እውነትነት አይነግረንም።

ደግሞስ ቁርአን ራሱ አይሞግትም ወይ? ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ከንጉሡ ጋር ሲከራከሩ ንጉሡ «እኔም ሕያው አደርጋለሁ፣ እገድላለሁ» ሲል በቃላት ሊያምታታ ሞከረ። ኢብራሂም በቃላቱ ወጥመድ አልተያዙም። ፀሐይን ከምዕራብ አውጣ አሉት፤ አፉ ተዘጋ። በሌላ ቦታ በሰማይና በምድር ከአላህ ሌላ አማልክት ቢኖሩ ኖሮ ሁለቱም በተበላሹ ነበር የሚል መልእክት እናገኛለን። አልተበላሹም፤ ስለዚህ ሌላ አምላክ የለም። አካሄዱን አያችሁት? የይገባኛል ባዮችንም ማስረጃቸውን እንዲያመጡ ያዛል። ይህን መጽሐፍ የሚቀራ ትውልድ ከጥያቄ የሚሸሽበት ምክንያት ምንድን ነው?

*ማን አለው? ወይስ ምን አለ?*

በሶሒሕ አል-ቡኻሪ የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የረመዳንን ዘካ እየጠበቁ ሳለ ሌሊት ሌሊት እየመጣ የሚሰርቅ ያዙ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲይዙት ልቀቀኝና የሚጠቅምህን ላስተምርህ ብሎ ሲተኙ አያተል ኩርሲን እንዲቀሩ ነገራቸው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው ያ ሌባ ውሸታም ቢሆንም በዚህ ግን እውነት እንደተናገረ፣ ማንነቱም ሸይጣን እንደነበር ነገሯቸው።

ልብ በሉ። ተናጋሪው ሸይጣን ነው። ከእርሱ የባሰ ተናጋሪ የለም። ንግግሩ ግን በተናጋሪው አልተጣለም፤ ተመዝኖ እውነት ሆኖ ተገኘ። እኛ ግን የጽሑፉን ርዕስ ሳናነብ የጸሐፊውን ፎቶ እናያለን። ጢሙ አጭር ነው? ኮፊያው የየትኛው ጀማዓ ነው? የማን ተማሪ ነው? ከዚያ ፍርድ።

«ታዲያ ጀርሕ ወተዕዲልስ? የሐዲስ ዑለማዎች የተናጋሪውን ማንነት አልመረመሩም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። ራዊው የሚያመጣልን ወሬ ነው። «ከእገሌ ሰማሁ» ሲል ያለው ማስረጃ የእርሱ ታማኝነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ታማኝነቱ ይመረመራል። ሙግት የሚያቀርብ ሰው ግን መነሻውንም መንገዱንም ከፊታችን ዘርግቶታል። እርሱን ሳናምን መመዘን እንችላለን። «ትናንት ሳቢያን እንዲህ ሆነ» ለሚል ሰው «አንተ ማን ነህ? አይተሃል ወይ?» ማለት ተገቢ ነው። «ይህ አያ ከዚህ አያ ጋር ሲታይ ትርጉሙ ይህ ነው» ለሚል ሰው ግን መልሱ ከአያዎቹ ውስጥ መውጣት አለበት። የእኛ ሰው ሁለቱን ገልብጧቸዋል፦ ወሬ ሲመጣ ሰንሰለቱን አይጠይቅም፣ ሙግት ሲመጣ ሰውየውን ይመረምራል።

*ተከተለው ማለት አመጣው ማለት አይደለም*

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም የሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች «ፀሐይ የተጋረደችው በኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። ሐሰተኛ ነቢይ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልግ ነበር? እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ታምራት እንደሆኑ፣ በማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ነገሯቸው። በሐዘናቸው ቀን፣ ለራሳቸው ክብር የሚሆነውን የተሳሳተ ሙግት አፈረሱት።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱብን። አላህ ይማራቸው። ከዚያ በኋላ «ይህ የወረደው በእነ እገሌ ሰፈር ኃጢአት ነው» የሚል ንግግር በየቦታው ይሰማል። ጎርፉ የመጣው ከላይ ከደጋው በወረደ ዝናብ ነው። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ያዘናጋል፤ ከላይ ሲዘንብ ግን በአጭር ጊዜ ይሞላል። በወንዙ ዳር የነበረው ድሃ፣ ሕፃን፣ ሱቅ ጠባቂ ነው የተወሰደው።

ሁሉም በአላህ ቀደር መሆኑን እናምናለን። መከራ ለአንዱ ፈተና፣ ለሌላው ማስጠንቀቂያ፣ ለሌላው ሸሂድነት ሊሆን እንደሚችልም እናምናለን። በጎርፍ የሰመጠ ሸሂድ እንደሚባል ሐዲስ አለ። ለየትኛው ሰው የትኛው እንደሆነ መወሰን ግን ገይብ ነው። «ኃጢአት ነበረ፣ ጎርፍ መጣ፣ ስለዚህ በእነሱ ኃጢአት መጣ» የሚል ሰው የፀሐይዋን ሙግት እየደገመ ነው፤ በዚያ ላይ የሟች ቤተሰብ ቁስል ላይ ጨው ይነሰንሳል። ጉዳቱ በዚህም አያበቃም። ምክንያቱን የተሳሳተ ሰው መፍትሔውንም ይስታል። ተውባ ሁልጊዜ ግዴታችን ነው፤ ከወንዝ ዳር ቤት ማራቅና ግድብ መሥራትም ግዴታ ነው።

*ከሁሉ ጋር የሚመሳሰል ቂያስ*

ስለ ጫት የማይከራከር የድሬ ወጣት የለም። አንዱ «ጫት እንደ ኸምር ነው፤ ሐራም ነው» ይላል። ሌላው «ጫት እንደ ቡና ነው፤ ሐላል ነው» ይላል። ሁለቱም ቂያስ አደረጉ። ሁለቱም ግን አልጨረሱትም።

ቂያስ አራት ማዕዘን አለው፦ አስል (ፍርዱ የታወቀው ነገር)፣ ፈርዕ (ፍርዱ የሚፈለገው)፣ ሑክም (ፍርዱ) እና ዒላ (የፍርዱ ምክንያት)። ሙግቱን የሚሸከመው ዒላው ነው። ኸምር ሐራም የሆነው ፈሳሽ ስለሆነ ወይም ከወይን ስለተሠራ አይደለም፤ ስለሚያሰክር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ጫት ከኸምር ጋር ይመሳሰላል ወይ?» ሳይሆን «ያ ምክንያት ጫት ውስጥ አለ ወይ?» ነው። ይህ ሲጎድል ዑለማዎች «ቂያስ መዐል ፋሪቅ» ይሉታል፤ ልዩነት እያለ የተደረገ ማመሳሰል። ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ በጫት ላይ ራሱን የቻለ ሪሳላ የጻፉት ጥያቄው በአንድ መስመር ኮሜንት የማያልቅ ስለሆነ ነው።

«ጊዜን ይበላል፣ ገንዘብ ይጨርሳል፣ ሶላት ያሳልፋል» የሚል ሰው ደግሞ በሌላ በር ገብቷል፤ የጉዳት በር ነው። እሱም ጠንካራ ሙግት ሊሆን ይችላል፤ ግን የራሱን ማስረጃ ይፈልጋል፣ ከስካር ጋር አይደባለቅ። ፈትዋው የባለቤቶቹ ነው፤ ለእነሱ እተወዋለሁ። እኔ የምለው ሁለት የተለያዩ ሙግቶችን ቀላቅሎ «ማስረጃ ሰጠሁ» ማለት እንደማይቻል ነው።

*ከአንዱ ወደ ሁሉ*

ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ የታየውን ግጭት እናስታውሳለን። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ባጃጅ የሚሳፈርበት ከተማ፣ በአንድ ቪዲዮ ድንጋይ ሊያነሳ እንደሚችል አይተናል። አካሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አንድ የእነሱ ልጅ እንዲህ አደረገ፤ ስለዚህ እነሱ እንዲህ ናቸው፤ ስለዚህ ከእነሱ ያገኘኸውን ምታ።» ከአንድ ሰው ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ ሃይማኖት ይዘለላል። የመጨረሻውን ድንጋይ የሚበላው ግን የመጀመሪያውን ሰው አይቶት የማያውቅ ባለሱቅ ነው።

አላህ ወሬ ይዞ የመጣ ፋሲቅ ሲኖር እንድናጣራ፣ ካልሆነ ሳናውቅ ሕዝብን ጎድተን እንደምንጸጸት አስጠንቅቆናል። የአንድ ሕዝብ ጥላቻም ከፍትሕ እንዳያወጣን አዝዞናል። ጠላት ለሆነው ፍትሕ ከታዘዘ፣ ለጎረቤትማ ምን ያህል?

ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) በጦርነት መሐል ሸሃዳ ያለውን ሰው «ፈርቶ ነው ያለው» ብለው በገደሉት ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልቡን ሰንጥቀህ አየህ ወይ ብለው ደጋግመው ወቀሷቸው። ኡሳማ የሚወደዱ ሶሓባ ናቸው፤ የነበሩበትም ጦር ሜዳ ነው። እኛ ግን ተኝተን፣ ስልክ ይዘን፣ «ዓላማው ሌላ ነው» ብለን የሰው ልብ በየሰዓቱ እንሰነጥቃለን።

*ሁለት ማስጠንቀቂያ*

አንደኛ፣ የስህተት ስሞችን ተምሮ ድንጋይ ላደረጋቸው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የአመክንዮ ኮርስ ይወስዳል። መልካም ነው። ግን ስም መጥራት ማፍረስ አይደለም። «ይህ የተሳሳተ ሙግት ነው» ካላችሁ የት ላይ እንደተሰበረ አሳዩ። ደግሞ የአንድ ሰው ሙግት ፈረሰ ማለት ያለው ነገር ሐሰት ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ስለ ተውሒድ ደካማ ሙግት ቢያቀርብ ሙግቱ ይወድቃል፤ ተውሒድ አይወድቅም። ስለዚህም ኢማሙ ገዛሊ እስልምናን እረዳለሁ ብሎ በሒሳብ የተረጋገጠውን የግርዶሽ ስሌት የሚክደውን መሃይም ወዳጅ ክፉኛ ወቅሰዋል። ደካማ ሙግት ለእውነት ወዳጅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ «እንግዲህ ሁሉም ሰው ዑለማን ይሞግት» ላለ። እንዲህ አላልኩም። የማያውቅ ያውቃልን ይጠይቃል፤ ይህ ራሱ አእምሮ ያለው ሰው ሥራ ነው። ሐኪም የሰጠህን መድኃኒት ቀመሩን ሳታውቅ ትወስዳለህ። ነገር ግን ከሐኪም ቤት ወጥተህ ለሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት ማዘዝ አትጀምርም። ሙቀሊድ ከሆንክ ሙቀሊድ ሁን፤ ተከተል፣ ተማር፣ ዝም በል። ማስረጃውን ሳታውቅ ተከታይ፣ ሌላውን ስታወግዝ ሙጅተሂድ መሆን ግን አይቻልም። ይህ ሁለት ፊት ነው ጀማዓችንን ያፈረሰው።

*ከመጫንህ በፊት*

ጣትህ «ሼር» ላይ ሲደርስ አምስት ነገር ጠይቅ። መደምደሚያው ምንድን ነው? መነሻው ምንድን ነው፣ እውነት መሆኑንስ በምን አወቅሁ? ያልተነገረ መነሻ ተደብቋል? መደምደሚያው ከመነሻው ይወጣል፣ ወይስ ባጃጁን ባቡር እያደረገ ነው? የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ይህንኑ ሙግት ነገ ሌላው በእኔ፣ በኡስታዜ፣ በእናቴ ላይ ቢያደርገው እቀበለዋለሁ?

በአምስተኛው ላይ «አልቀበልም» ካልክ አትጫነው። በ2005 ዓ.ም. የጠየቅነው ይህንኑ ነበርና። በመምሰል ሳይሆን በማስረጃ ፍረዱብን ብለን ጮኸናል። ለራሳችን የጠየቅነውን ለወንድማችን መንፈግ ግፍ ነው፤ ግፈኛው ጢም ቢኖረውም።

ኢማሙ ሻፊዒ ከሰው ጋር ሲከራከሩ እውነቱ በባለጋራቸው አንደበት እንዲወጣ ይመኙ እንደነበር ተዘግቧል። ኢማሙ ገዛሊ ደግሞ ስለ ሙግት ሚዛኖች የጻፉትን ኪታብ «አል-ቂስጣስ አል-ሙስተቂም» ብለው ሰይመውታል፤ ቀጥተኛው ሚዛን ማለት ነው። ይህንን ጽሑፍም በዚያው ሚዛን አስቀምጡት። የተሰበረ መነሻ ካገኛችሁ የቱ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉልን፤ እናመሰግናለን። «እነ እገሌም እንዲህ ይላሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ጽሑፉን ገና አላነበባችሁትም።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን፣ መከተሉንም ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።